የአንድ ሽቦ ወረፋ

አሶሳ የስልክ ማዞሪያ ላይ ስሠራ ጆሮዬ አያርፍም ነበር፤ መቼስ ሥራው ራሱ ወሬ ነው። ያኔ በሰፈራው ዘመን የእኛ አካባቢ መንደሮች እጀታቸው እየተሽከረከረ የሚደወልባቸው ስልኮች ነበሯቸው። በአንድ መንደር ውስጥ ክሊኒኩ ከመጋዘኑ፣ መጋዘኑ ከትራክተር ጋራዡ ያለ እኔ እንዳሻቸው ያወራሉ። መንደር ከመንደር ሲፈላለግ ግን ሁሉም በእኔ በኩል፣ በአንድ ቀጭን ሽቦ ነው። ያቺ ሽቦ ያን ሁሉ ሰው እንዴት እንደቻለችው ይገርመኝ ነበር። የመስመር ሠራተኛውን ስጨቀጭቀው «አንቺ ብቻ ወረፋ አስከብሪ» ይለኛል።

እሺ፣ አስከበርኩ። መጀመሪያ ሕመምተኛ፣ ቀጥሎ እህልና ነዳጅ፣ ሰላምታ መጨረሻ። ሰላምታው ነው መከራ ያሳየኝ! ከወሎ የመጡት ሰፋሪዎች ስለ ጤናው፣ ስለ ከብቱ፣ ስለ ዝናቡ ሳይጠያየቁ ወደ ጉዳያቸው አይገቡም። መሀል ላይ ማቋረጥማ ነውር ነው።

አንድ ጠዋት ጢማቸው መሸበት የጀመረ ወሎዬ ገበሬ ቢሮዬ ገቡ። ከአገራቸው ሲነሱ እሳቸው በአንድ መኪና፣ እናታቸውና እህታቸው በሌላ ተጭነው ተለያይተዋል። እህታቸው ባምባሲ አጠገብ መስፈሯን ገና መስማታቸው ነበር።

«እናቴ በሕይወት መኖሯን ብቻ ልወቅ፣ ልጄ» አሉኝ። አንጀቴን በሉት።

እህታቸውን አስጠራሁላቸው።

«ደህና ነሽ?»

«አልሐምዱሊላህ፣ አንተስ?»

«ልጆቹስ?»

ጉድ እኮ ነው! ገና ልጆቹ ላይ እንዳሉ በሆሞሻ መንገድ ካለ ክሊኒክ ተደወለ። ምጥ የጠናባት ሴት አለች፤ መኪና ይላክ።

«አባቴ፣ ወላድ አለች» ስላቸው ስልኩን ወዲያው አስቀመጡት።

«ትቅደም፣ ትቅደም» አሉና አግዳሚው ላይ ቁጭ ብለው መቁጠሪያቸውን ያዙ። እኔ ግን አላስችል አለኝ። ሰው እናቱን ለማወቅ መጥቶ እንዴት ስለ ልጆች ይጠይቃል?

መኪናው መነሳቱ ሲነገረኝ መልሼ አገናኘኋቸው። «አሁን ሰላምታ የለም! በቀጥታ ይጠይቁ» አልኳቸው።

እንዳዘዝኳቸው አደረጉ። «እማ አለች?»

እህታቸው፣ «አንተ ግን ደህና ነህ? ከብቶቹስ? ዝናቡስ እንዴት ነው እናንተ ጋ?» አለች።

ደሜ ፈላ፤ መሀል ገባሁ። «እህቴ፣ ስንት ሰው ወረፋ ይጠብቃል! የጠየቁሽን መልሺላቸው እንጂ!»

ሰውየው እጃቸውን ዘርግተው ዝም አሰኙኝ።

«ተያት፣ ልጄ። መርዶ በስልክ ይነገራል? ነግራኛለች።»

ከዚያ እንባቸው በጢማቸው እየወረደ፣ ድምፃቸውን አስተካክለው ወደ ስልኩ ተመለሱ።

«አዎ፣ እህቴ» አሏት። «ከብቶቹ ደህና ናቸው። ዝናቡም ደህና ነው።»