ለትልቁ ሐኪም ያስቀመጥኩት ቃል

ይህ የደረሰብኝ ወደ እስራኤል ከገባን አሥር ዓመት ገደማ ሲሆነን ነው። ዛሬም ነጭ ጋዋን የለበሰ ወጣት ባየሁ ቁጥር ያ ቀን ይመጣብኛል፤ ጥፋቱ የራሴ ነበርና።

ልጄ ሲጋል ዘጠኝ ዓመቷ ነበር። ከማታው ጀምሮ ያስመልሳታል፤ ሕመሙም ከእምብርቷ ወደ ቀኝ ጎኗ ወርዷል። ጠዋት ከምንኖርበት ሰፈር ከክፋር ብራንዳይስ በታክሲ ሆስፒታል ወሰድኳት።

መጀመሪያ የመጣው ፊቱ የልጅ ፊት የሆነ ሐኪም ነው። "ስታዤር ነኝ" አለ። ስለ ስታዤር ውዴ የምትባለው ጎረቤቴ ነግራኝ ነበር። "ትምህርቱን ጨርሶ አንድ ዓመት በሰው ላይ የሚለማመድ ነው። ከዚያ በኋላ ገና ስንት ዓመት ይማራል። ዋናው ሐኪም መጨረሻ ላይ ያለው ነው፤ ልጅሽን እንዳታስነኪ!" አራተኛ ክፍል ያልጨረስኩ ሰው ነኝ፣ አመንኳት። ባገራችንም ከባድ ጉዳይ ለሽማግሌ እንጂ ለወጣት አይነገርም።

"እንዴት ናት?" ሲለኝ "ደህና ናት፣ እግዚአብሔር ይመስገን" አልኩት። ሆዷን ሊነካ ሲል ቀሚሷን ይዤ ከለከልኩት።

"ኢማ፣ ማስመለሴን ልንገረው?" አለች ሲጋል፤ እማዬ ማለቷ ነው፣ በዕብራይስጥ።

ክንዷን ቆነጠጥኳት። "ዝም በይ! ለትልቁ እንነግረዋለን።"

ወጣቱ ጽፎ ሄደ። በሩ በተከፈተ ቁጥር ብድግ እላለሁ፤ ትልቁ የለም።

ቀትር ላይ ማቃሰቷን አቆመች። ተሻላት ብዬ ተደሰትኩ። ግንባሯን ብነካው እሳት ነው፤ ከንፈሯ ነጥቷል። "ልጄ ሞተችብኝ!" ብዬ ጮህኩ።

ሮጦ የመጣው ያው ስታዤር ነው። እግሩ ላይ ወደቅኩ። የደበቅኩትን ሁሉ በአማርኛ አፈሰስኩት፤ ሲጋል በደከመ ድምፅ በዕብራይስጥ ነገረችው። ሆዷን ዳሰሰና ስልክ አነሳ።

ወዲያው ሽበታሙ ሐኪም ደረሰ። እኔን አንድም ነገር አልጠየቀኝም። ወጣቱን አዳመጠ፣ ልጄን ዳሰሳት፣ አልጋዋን እየገፉ ሮጡ። ለካ ትልቁ የሚሰማው በትንሹ ጆሮ ነው! ትርፍ አንጀቷ ፈንድቶ ነበር፤ ማቃሰቷን ያቆመችውም ለዚያ ነው።

ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ወጣቱ በየቀኑ ይጎበኛት ነበር። አንድ ቀን በሲጋል አፍ "ለምን ደህና ናት አልሽኝ?" ብሎ ጠየቀኝ። የሲጋልን ብርድ ልብስ ማስተካከል ጀመርኩ።

ሲጋል አሁን ኮረዳ ሆናለች። ጠባሳዋን እያሳየች "ኢማ፣ ይሄ ያንቺ ቁንጥጫ ነው" ብላ ትስቃለች። እኔ ግን እስከ ዛሬ አብሬያት መሳቅ አልቻልኩም።