ያገለገለው ካርቡሬተር

ብስክሌቴ ላይ የገጠምኳት ትንሽ ሞተር ካርቡሬተሯ ተበላሸና ከሐይቅ ገበያ ያገለገለ ገዛሁ። ደጃፌ ላይ ገጥሜ አስነሳኋት። ቤንዚን ሳልሰጣት የምትመታበትን ፍጥነት የሚወስነውን የሚኒሞ ብሎን በመፍቻ ጠበቅ ላላ እያደረግሁ ድምፅዋን ሳስተካክል ጎረቤታችን እማ ዘሀራ መጡ። ልጃቸው ሰኢድ ሞተር ብስክሌቱን እዚያው ሐይቅ ገበያ ሸጦ ወደ ሳውዲ ሲሻገር ባሕር ላይ ከቀረ ሦስት ዓመቱ ነው።

«እስቲ ትንሽ አላላው» አሉኝ።

አላላሁት። ሞተሯ ረጋ ብላ መምታት ጀመረች።

«ያ ረቢ! የሰኢድ ድምፅ ነው» ብለው ድንጋዩ ላይ ተቀመጡ።

ደነገጥኩ። እንድትጠፋ ብዬ የቤንዚኑን መዝጊያ ዘጋሁት፤ ካርቡሬተሩ ውስጥ የቀረው ቢበዛ ለሁለት ደቂቃ ነው። እማ ዘሀራ ግን ለሞተሯ ወሬ ማውራት ጀመሩ። «እህትህን ዳርናት። ላሚቱ ወለደች። ያባትህ ዓይን ደከመ።»

ሩብ ሰዓት አለፈ። ወላሂ፣ ሞተሯ አልጠፋችም! የቤንዚኑን ቱቦ ነቀልኩት፤ አንዲት ጠብታ የለውም።

እማ ዘሀራ የሚያወሩት ሲያልቅ እንባቸውን በሻሻቸው ጠረጉ።

«በል ልጄ፣ አሁን እረፍ» አሉት።

ሞተሯ ቀጥ አለች።