በቀን ያሰሩ በቀን ይፍቱ

ባለቤቴ ቄስ ነበሩ። ከወሎ ወደ መቀሌ ያመጡኝ ጣሊያን ከመግባቱ ጥቂት ቀደም ብሎ ነው፤ በትግርኛ ገና አፌን አልፈታሁም ነበር።

የሐዋርያት በዓል፣ ሐምሌ አምስት ሲቃረብ፣ የጣሊያኑ ሹም አስተርጓሚውን ቤታችን ላከው።

«ቀሺ፣ ሐዋርያው ለሹም ተገዙ ብሎ መጻፉን በስብከትዎ ላይ ለሕዝቡ ይንገሩ ተብሏል» አላቸው።

«እነግራለሁ» አሉ ባለቤቴ። «ጽፏልና።»

እሱ ደስ ብሎት ሄደ። እኔ አኮረፍኩ፤ እራት እንኳ ሳቀርብ ቀና ብዬ አላየኋቸውም።

በበዓሉ ቤተ ክርስቲያኑ ጢም ብሎ ሞላ። ባለቤቴ ስለዚያ ድንኳን ሰፊ ሐዋርያ ጀመሩ። ክርስቲያኖችን ሊያስር ሲገሰግስ በደማስቆ መንገድ ላይ ብርሃን እንደጣለው፣ ከዚያ ወዲያ አገር ላገር ሲሰብክ እንደተገረፈ፣ በድንጋይ እንደተወገረ ተረኩ። በአንድ ከተማ ሹማምንት በአደባባይ ገርፈው አስረውት፣ በማግስቱ በስውር ውጣ ቢሉት፣ በሰው ፊት የገረፉኝ ራሳቸው መጥተው ያውጡኝ ማለቱንም አልተዉም።

«ለሹም ተገዙ ያለው ይኸው ሰው ነው» አሉ። «ታዲያ በመጨረሻ አንገቱን የቀሉት የት አገር ነው?»

ከሴቶቹ በኩል አንዲት አሮጊት «ሮማ!» አሉ። ከዚያማ ሁሉም ተቀበለ፤ «ሮማ! ሮማ!»

ከቅጽሩ ሳንወጣ የሹሙ ዘቦች ያዟቸው። ጥምጥማቸውን ፈትተው በእሱ እጃቸውን የፊጥኝ አሰሩና፣ በገበያው መሐል እየነዱ እንዳ ኢየሱስ ኮረብታ ላይ ካለው ምሽግ አስገቧቸው። የሚያውቋቸው ወንዶች ፊታቸውን ወደ ግድግዳ ሲያዞሩ አየሁ።

ክረምቱን ሙሉ ስንቅ ይዤ ያን ኮረብታ ወጣሁ። መስቀል ሲቃረብ አስተርጓሚው በሩ ላይ ጠበቀኝ።

«ሓፍተይ» አለኝ፣ እህቴ ማለቱ ነው። «ሹሙ ነገሩ ይረሳ ብሏል። ነገ ሰው ሳይነቃ በጓሮ ይወጣሉ፤ ወደ አገርሽ ይዘሻቸው ሂጂ። ብቻ ሕዝቡ እንዳያይ። አንቺ ለምኛቸው» ብሎ አስገባኝ።

ከስተዋል፤ ያስላቸዋል። «ልውጣ እንዴ?» አሉኝ። «ደክሞኛል።»

አዎ የሚለው ቃል ምላሴ ጫፍ ደርሶ ነበር። ቤቱ ያለ እሳቸው ጭር ብሎብኛል። ግን ያ ገበያ ፊቴ ላይ ድቅን አለ።

«ያስተማሩትን መልሼ ልንገርዎ? በቀን ነው ያሰሩዎ። በቀን ይፍቱዎ።»

ትክ ብለው አዩኝና እስኪያስላቸው ሳቁ። «ሰማህ ልጄ? ከቤቴ የመጣው ፍርድ ይሄ ነው» አሉት አስተርጓሚውን።

«አንቺ ሴት፣ ባልሽን ልትገድያቸው ነው?» አለኝ።

«ያሰርኳቸው እኔ አይደለሁም» አልኩት።

ከዚያ ወዲያ ስንቅ ከለከሉኝ። አገልግሌን ይዤ ከምሽጉ ሥር ተቀመጥኩ። በማግስቱም ተቀመጥኩ። እኚያ «ሮማ» ያሉት አሮጊት መጥተው አጠገቤ ቁጭ አሉ፤ እሳቸውን አይተው ሌሎች ሴቶች መጡ። ዘቦቹ ቢያባርሩን ዞረን እንመለሳለን። በመጨረሻ ሹሙን ሰለቸው መሰለኝ፣ ሰኞ፣ ገበያው ግጥም ባለበት ሰዓት አወረዷቸው። አስተርጓሚው ራሱ በሕዝቡ ፊት እጃቸውን ፈታ። እልልታው ገበያውን አናወጠው።

ሳሉ ግን አልለቀቃቸውም፤ ጣሊያን ከወጣ በኋላ በዚያው አረፉ። ዘመዶቻቸው ያን ቀን ዝም ብትይ ኖሮ ይሉኛል። ዝም አላልኩም። ዛሬም ቢሆን አልልም።