የሰይድ ጠርሙስና የእማ በሬ

ቅዳሜ ጠዋት አሥራ ሁለት ተኩል ላይ ከመካነ ሰላም ወደ አቀስታ ተነሳን። ሌላው መንገደኛ ለገበያ ነው፤ እኔ ግን ለምስክርነት ተልኬ ነው።

ወንድሜ ሰይድ ዓረብ አገር በሃይድሮጂን የሚሄድ መኪና አይቶ ከመጣ ወዲህ ዕረፍት የለውም። በሚኒባሱ የፊት ወንበር ሥር፣ ከሞተሩ አጠገብ፣ ውሃ የሞላ የመስታወት ጠርሙስ አስሯል። የባትሪው ኤሌክትሪክ ከውሃው ሃይድሮጂን ያወጣል፤ እሱም በቀጭን ቱቦ ሞተሩ ውስጥ ገብቶ ቤንዚን ይቆጥባል ባይ ነው። አሁን ደግሞ የእማን በሬ አሽጦ ለከተማው ሚኒባስ ሁሉ ሊገጥም ቋምጧል። እማ ያላት አንድ በሬ ነው፤ ከጎረቤት ጋር ተቀናጅታ የምታሳርሰው። «አብረሽው ሂጂና እውነቱን ንገሪኝ» አለችኝ።

ትምህርት ቤት ባልገባም የታናናሾቼን መጻሕፍት አንድም አላስቀረሁ።

«ሰይዶ፣ ባትሪውን የሚሞላው ራሱ ሞተሩ አይደል? በቀኝ እጁ ሰጥቶ በግራው ቢቀበል ምን ያተርፋል?»

«እታለም፣ አንቺ አንብቢ፣ እኔ ልንዳ!»

ወትሮ ሰይድ ሲነዳ ሰው ሁሉ ዱዓ ያበዛል። ያን ቀን ግን በገብሱ ማሳ መሀል፣ ኮረኮንቹን እየዳሰሰ ሄደ። እንቁላል በጭድ ይዛ የተሳፈረችው ነጋዴ፣ እትዬ ዘነቡ፣ አላስችል አላት።

«ምነው ሰይድ፣ ሙሽራ ጭነሃል እንዴ?»

«ጠርሙሷ እንዳትሰበር ነው፣ እትዬ።»

አቀስታ፣ አራት ሰዓት

ብርዱ ጆሮ ይቆርጣል። እትዬ ዘነቡ ቅርጫቷን ገልጣ፣ «አልሃምዱሊላህ! እመቤቴ ምን ይሳናታል! አንድም አልተሰነጠቀ» አለች። ሰይድ ስንነሳ ሙሉ የነበረውን ታንክ በያዘው ጀሪካን ቤንዚን መልሶ ሲሞላ፣ ከጀሪካኑ ሩብ ያህል ተረፈው። ወትሮ ጠብታም አይተርፈውም። «አየሽ?» ብሎ ዘለለ።

ቀትር ላይ ትኩስ ድንች በአዋዜ በላንና እሱ ለዙሁር ሶላት ሄደ። እኔ ወንበሩን አነሳሁና የጠርሙሷን ሽቦ ፈትቼ በነጠላዬ ጫፍ ቋጠርኩት።

ስንመለስም እንደዚያው ቀስ አለ። ጉም ሲወርድ ቤት ደረስን። በሌላ ሙሉ ጀሪካን ታንኩን ሞላ፤ አሁንም ሩብ ተረፈ!

«እማ፣ በሬው ይሸጥ!»

ቋጠሮዬን ፈታሁ። «ሽቦህ ይኸው። ከአቀስታ እስከዚህ ጠርሙሷ ሥራ ፈት ነበረች።»

ሰይድ ሽቦውን አገላብጦ አየ። አንጀቴን በላኝ። «ታዲያ ቤንዚኑን ማን ቆጠበው?» አለ ቀስ ብሎ።

«ነዳጁን ቀስ ብሎ የረገጠው እግርህ ነዋ፣ ልጄ» አለች እማ።

ያ ያየው መኪና ውሸት አይደለም፤ ግን ሃይድሮጂኑ ሌላ ቦታ፣ በሌላ ጉልበት ተሠርቶ ነው የሚሞላለት። ይህን ከታናናሾቼ መጽሐፍ አንብቤያለሁ። በሬው ሰኞ እርሻ ዋለ። ሰይድም አኩርፎ ጠርሙሷን አውልቆ ነበር። በሳምንቱ ግን እትዬ ዘነቡ እንቁላሏን ታቅፋ በሩ ላይ ቆመች፤ «ጠርሙሷ ከሌለች አልሳፈርም» ብላ።

ያለ ሽቦ መልሶ አሰራት።