ያልጎደላት ብረት

ልጄ መገርጣት የጀመረችው ገና ጡት ሳትጥል ነው። ሆስፒታል ስንወስዳት «ደም ማነስ ነው» ተባልንና ብረት ያለበት የአይረን ሽሮፕ ተሰጠን። አንዱ ሲያልቅ ሌላ እንገዛለን፤ ልጅቷ ግን ያው ናት። በየወሩ የሰው ደም ሲሰጣት ትንሽ ትቀላለች፤ ወሩ ሳይሞላ ከአልጋዋ እስከ በሩ መሄድ ያደክማታል።

እኔ አርፎ መቀመጥ አልፈጠረብኝም። ሐኪሙ አንድ ማንኪያ ሲል ሚስቴ ሳታይ ሁለት አደረግኩት። ስድስት ዓመት ሲሆናት ደግሞ ትምህርት ሲዘጋ ጠብቄ፣ አየር ትቀይር ብዬ ከምንኖርበት ከጂንካ ወደ አርቦሬ ቆላ ወሰድኳት። ድሮ እዚያ ሳስተምር የተወዳጀሁት ከብት አርቢ አለ።

ሲያያት ራሱን ነቀነቀ። «መምህር፣ መድኃኒት ተው። ደም ደም ይወልዳል» አለኝ። ከወይፈኑ አንገት ደም ቀድቶ፣ ከወተት ጋር ቀላቅሎ በቅል ሰጣት። እኛ ጴንጤዎች ነን፤ ደም አንበላም። «ጠጪ» አልኳት። ዓይኗን ጨፍና ጠጣች። እስክንመለስ ድረስ በየጠዋቱ አጠጣኋት፤ ቤት ስንገባ ለእናቷ «ወተት ነው የጠጣችው» አልኳት።

በኋላ ሐዋሳ አንዲት የደም ስፔሻሊስት ዘንድ ተላክን። እናቷ ታናሽ ወንድሟን ይዛ ቤት ቀረች። ናሙናው ውጭ አገር ሄዶ ውጤቱ እስኪመጣ ወራት ፈጀ።

«የልጅዎ መቅኒ ቀይ የደም ሴል መሥራት አቅቶታል» አለችኝ ሐኪሟ። «ሴል ውስጥ ፕሮቲን የሚሠራው ራይቦዞም ራሱ ከብዙ ፕሮቲኖች የተገጣጠመ ነው። የአንዱ ፕሮቲን ዘረመል ተበላሽቷል።»

እኔ እኮ የባዮሎጂ መምህር ነኝ! ራይቦዞምን ስንቱን ተማሪ በአንድ ማርክ ፈትኜበታለሁ። ወፍጮው ከተሰበረ እህል ቢከምሩበት ዱቄት እንደማይወጣ ይገባኛል።

«ብረት አልጎደላትም» አለች። «እንዲያውም ጉበቷ ላይ ተከማችቷል። ከምንሰጣት ደም ሌላ ምን ትወስዳለች?»

ሁሉንም ነገርኳት። ብትቆጣኝ ይሻለኝ ነበር። እሷ ግን ካርዱ ላይ ጻፈችው።

ውጤቱን ስንጠብቅ የሞከሩላት መቅኒ የሚያነቃቃ ኪኒን አልሠራላትም። ብረቱን ከሰውነቷ የሚያወጣው መድኃኒት አንዳንዴ ይገኛል፣ አንዳንዴ ይጠፋል። መቅኒ መቀየር ውጭ አገር አለ አሉኝ፤ ላም አለኝ በሰማይ።

ጂንካ እንደገባን ከሁሉ በፊት ሽሮፑን ጓሮ ወስጄ ደፋሁት። ልጄ ቆማ ታየኛለች።

«አባዬ፣ ከእንግዲህ አልጠጣም?»

«አትጠጪም።»

«የወይፈኑንም ደም?»

«እሱንም።»

ፊቷ በራ። «ዳንኩ ማለት ነው!» አለችና መልሴን ሳትጠብቅ ለእናቷ ልትነግር ገባች።