ከሻይ ሳህኑ ሥር

ጋሽ መሸሻ ምሳቸውን የሚበሉት ኮልፌ አሥራ ስምንት ማዞሪያ፣ ታክሲዎቹ ከሚዞሩበት ፊት ለፊት ባለው በእትዬ ወለተጻድቅ ምግብ ቤት ነው። የሚቀመጡት በሩ አጠገብ ነው። ክረምት ገብቶ ብርዱ ሲያስቸግር አስተናጋጆቹ ወደ ውስጥ ገባ እንዲሉ ቢለምኗቸውም አይሰሙም። ምክንያቱን ባይናገሩትም ሰፈሩ ያውቀዋል። በዚያ በር የገባ ሰው መጀመሪያ የሚያየው እሳቸውን ነው፤ የሚያውቃቸው ከሆነ ደግሞ አላየሁም ብሎ ማለፍ አይችልም።

የሚጠብቁት፣ ሒሳብ ሲመጣ እጃቸውን ለቀም አድርጎ «እኔ እያለሁ እርስዎ አይከፍሉም» የሚላቸው ሰው ነው። ገንዘብ ቸግሯቸው እንዳይመስላችሁ። ግቢያቸው ውስጥ የሚያከራዩዋቸው ክፍሎች አሉ፤ ለአንድ ሳህን ቅቅል የሚያንሱ ሰው አይደሉም። የቸገራቸው በሒሳብ የሚጣላቸው ሰው ነው።

ድሮ እንዲህ አልነበረም። ጋሽ መሸሻ በልጅነታቸው ከዳውሮ መጥተው ኮልፌ ያደጉ፣ አጠና ተራ ውስጥ የባሕር ዛፍ እንጨት ሲሸጡ ፀጉራቸው የሸበተ ሰው ናቸው። የፎቅ ሠራተኛ ሁሉ በእንጨት መወጣጫ ላይ ቆሞ በሚሠራበት ዘመን ፎርማኑም ኮንትራክተሩም ደጃቸውን ይጠና ነበር። ምሳ ሰዓት ሲደርስ ከጎናቸው የሚሸጠውን ወዳጃቸውን ደግፌን ይዘው ወደዚሁ ምግብ ቤት ይገባሉ። የሁለቱ የሒሳብ ጠብ ለበላተኛው ሁሉ መዝናኛ ነበር። አንዱ የሌላውን እጅ ገና ኪሱ ውስጥ እንዳለ ይይዘዋል፤ «በሞቴ»፣ «እኔ ቆሜ አንተ ትከፍላለህ?» ይባባላሉ። አንድ ጊዜ የደግፌ ኮት ኪስ ተተርትሮ እትዬ ወለተጻድቅ ራሳቸው መርፌና ክር አምጥተው ሰፍተውለታል።

አብዛኛውን ጊዜ የሚያሸንፉት ጋሽ መሸሻ ነበሩ፤ ስለሚያጭበረብሩ ነው። እጄን ልታጠብ ብለው ይነሱና ካሸሩ ጋ ከፍለው ይመለሳሉ። አንዳንድ ቀን የማያውቁትን ሰው ሒሳብ ጨምረው ይከፍላሉ። ሰውየው በልቶ ሲጨርስ አስተናጋጇ «ተከፍሏል» ትለዋለች፤ ማን ነው ብሎ ዘወር ሲል ጋሽ መሸሻ ወጥተው ሄደዋል።

ነገሩ የተበላሸው እዚህ ላይ ነው። እኛ የሰፈሩ ሰዎች ውለታ አንረሳም፤ ግን ስንት ዘመን ከፋይ ሆኖ ያየነውን ሰው ልክፈልልህ ለማለት አንደፍርም። «ለጋሽ መሸሻ ማን ይከፍላል? ስድብ ነው» እንላለን፤ ሰላም ብለናቸው አልፈን እንቀመጣለን። እሳቸውም ስድቡን እየናፈቁ ብቻቸውን ይበላሉ።

የብረት መወጣጫ መጣና የእንጨቱ ንግድ ቀዘቀዘ። ደግፌ ከአየር ጤና ወዲያ ኮንዶሚኒየም ደርሶት ሄደ። ባለቤታቸው ታመው ሞቱ። ልጃቸው ሶፊ ሐዋሳ ትዳር ይዛለች፤ እሁድ እሁድ እየደወለች «አባዬ፣ ምሳ በልተሃል?» ትላቸዋለች። «ከሰዎች ጋር በላን» ይሏታል። ስልኩን ከዘጉ በኋላ ቤቱ ጭር ይላል። ሬዲዮ ይከፍታሉ፤ የሚያዳምጡት ግን አይመስለኝም።

ስለ ቲፕ ደግሞ የራሳቸው ሕግ አላቸው። ቲፕ እጅ ላይ አይሰጥም፤ እጅ ላይ የሚሰጥ ምጽዋት ነው ይላሉ። ሳንቲም ጠረጴዛ ላይ በትኖ መሄድ ለዶሮ ጥሬ እንደ መበተን ነው። ያሁን ልጆች በስልክ ከፍለው፣ «ቴንኪው» ብለው የሚወጡትንማ አታንሱባቸው፤ ቀኑን ሙሉ ያማርራሉ። እሳቸው ከምሳ በኋላ ሻይ ያዛሉ። አስተናጋጇ ጀርባዋን ስትሰጥ ብሩን አጣጥፈው ከሻይ ሳህኑ ሥር ሸጎጥ ያደርጉና ወደ ኋላ ሳያዩ ይወጣሉ።

ዋጋነሽ ይህን ታውቃለች። ከአጠናው ዘመን ጀምሮ ስታስተናግዳቸው የኖረች፣ እግሯ በመቆም ብዛት ያበጠ፣ ነገር የማታበዛ ሴት ናት። ለቲፑ አመስግናቸው አታውቅም፤ ምስጋናውን እንደማይወዱት ገብቷታል። በማግስቱ ሳያዙ ቅልጥም ያለበትን ቅቅል ታመጣላቸዋለች፤ በዚያው ይግባባሉ። ሳህኑን ስታስቀምጥ «እንብላ» ይሏታል፤ «ይባረክ ጋሼ» ብላ ትሄዳለች። አንዳንድ ቀን ጋሽ መሸሻ ከሰው ጋር የሚነጋገሩት ይህንኑ ብቻ ነበር።

አንድ ማክሰኞ በልተው፣ ሻያቸውን ጠጥተው ሒሳብ ጠየቁ። ዋጋነሽ መጥታ ቆመች።

«ተከፍሏል ጋሼ» አለቻቸው።

መጀመሪያ አልገባቸውም። የሌላ ሰው ጠረጴዛ መስሏት ነው ብለው በጣታቸው የራሳቸውን ሳህን አሳዩዋት። ደግማ ነገረቻቸው። ማን እንደሆነ ሲጠይቋት ጓዳ በኩል ተቀምጦ የነበረ ሰው ነው፣ ቸኩሎ ወጣ አለች። መልኩስ ቢሏት ጠይም ነው፣ ኮት ለብሷል አለች፤ ይህን ስትል ዓይኗ ጠረጴዛው ላይ ነበር። ጠይም ሆኖ ኮት የለበሰ ሰው ኮልፌን ሞልቷታል። ለጋሽ መሸሻ ግን አንድ ነው፤ ደግፌ። ከሳህኑ ሥር የወትሮውን እጥፍ አድርገው አስቀመጡና ደረታቸውን ነፋ አድርገው ወጡ። እሁድ ሶፊ ስትደውል ምሳ በልተሃል እስክትላቸው አልጠበቁም። «ያ ደግፌ ቀደመኝ» አሏት፤ እንደ ተበደለ ሰው።

ሰኞ ብርቱካን ገዝተው፣ ታክሲ ተሳፍረው ደግፌን ሊወቅሱ ሄዱ። እንዲህ አታሎኝ ይቀራል እያሉ ደረጃውን ወጡ። ደግፌ በከዘራ ተደግፎ በሩን ከፈተ። በጣም ደስ አለው፤ አቅፎ አልለቅም አላቸው። ኮልፌን ካየ ዓመት እንዳለፈው፣ ጉልበቱ ደረጃውን እንደማያስወርደው፣ ፀሐይ የሚሞቀው በመስኮት እንደሆነ አጫወታቸው። ጋሽ መሸሻ ለምን እንደመጡ አልተናገሩም። ሻይ ጠጡ፤ ስለ አጠና ተራ ትንሽ አወሩ፤ ደግፌ በወሬው መካከል እንቅልፍ ይዞት ሄደ። ብርቱካኑን ጠረጴዛው ላይ ትተው፣ በሩን ቀስ አድርገው ዘግተው ወረዱ።

በማግስቱ ገና ምሳ ሳይደርስ ምግብ ቤቱ ገቡ። ዋጋነሽ ዛሬም የለችም፤ ሰሞኑን ሲያጧት አሟት ነው ብለው አልፈውት ነበር። ካሸሩን ግሩምን ጠየቁት። ጅማ እህቷ ጋ ሄዳለች፣ ቁርስ ቤት ሊከፍቱ ነው፣ ያቺ ማክሰኞ የመጨረሻ ቀኗ ነበረች አላቸው። ታዲያ ማን ነው የከፈለልኝ ሲሉት አንገቱን አከከ። እንዳይናገር አስምላው ነበር።

«እሷ ናት» አላቸው በመጨረሻ። «ከቲፗ። ለሰው ሲከፍሉ ኖረው አንድ ቀን እንኳ ተከፍሏል ይባሉ ብላ ነው።»

ጋሽ መሸሻ መጀመሪያ ተቆጡ። አስተናጋጅ ለእንግዳ የምትከፍለው የት አገር ነው ብለው ግሩም ላይ ጮሁበት። ዋጋነሽ እዚያ ብትሆን ኖሮ እጇን ይዘው ብሩን ይመልሱላት ነበር፤ እሷም እምቢ ትል ነበር፤ ይጣሉ ነበር። እሷ ግን ያደረገችው እሳቸው በሰው ላይ ሲያደርጉት የኖሩትን ነው። ከፍላ ሄደች። ቁጣው ሲበርድላቸው የቀረው ሐዘን ነበር። ከዚህ ሁሉ ሰው የከፈለችላቸው አንዲት ሴት፣ እሷም የሌለች። በበሩ እንግዲህ ማንም እንደማይገባ ያን ቀን ቁርጡን አወቁ። ምሳ ሳይበሉ ወደ ቤታቸው ሄዱ።

ብዙ ቀን አልታዩም። ቤታቸው ዳቦ በሻይ ይበሉ እንደነበር ተከራዮቻቸው ነግረውናል። ሲመለሱ ወንበራቸው ባዶ ነበር፤ እሳቸው ግን አልፈውት ከግድግዳው ሥር፣ በሩን ጀርባ ሰጥተው ተቀመጡ። ሆሳዕና የምትባለው አዲሷ አስተናጋጅ ሥራ ከጀመረች ሳምንት አይሞላትም። አባባ ብላ ታዘዘቻቸው፤ ቅልጥም የሌለበት ቅቅል አመጣችላቸው፤ በሉ፤ ከፈሉ። ሻያቸውን ጠጥተው በልማድ ብሩን ከሳህኑ ሥር ሸጎጡና ወጡ።

ታክሲ ተራው ጋ ሲደርሱ ከኋላቸው ሩጫ ሰሙ። ልጅቷ ሽርጧን እንደታጠቀች፣ ትንፋሿ ቁርጥ ቁርጥ እያለ ደረሰችባቸው።

«አባባ፣ ብር ረስተዋል።»

«አልረሳሁም። ያንቺ ነው» አሏት።

«አይ፣ እትዬ ወለተጻድቅ እንግዳ የረሳውን እንዳትነኪ ብለውኛል» አለችና ብሩን ኮታቸው ኪስ ውስጥ ከተተችው። እሳቸው አውጥተው ሽርጧ ኪስ ውስጥ ከተቱት። እሷ መልሳ አወጣችው። ሊገፉት ሲሉ እጃቸውን ያዘቻቸው፤ አጥብቃ፣ በሁለት እጇ።

ጋሽ መሸሻ ቆም አሉ። ቲፕ ነው ቢሏት ያልቅ ነበር። አላሏትም።

«አይሆንም» አሉ በዚያ በአጠና ተራ ድምፃቸው፤ «እኔ እያለሁ?»

ንግግሩ ከነገሩ ጋር አይገናኝም፤ ልጅቷም አልገባትም። በሞቴ አሏት፤ ኧረ በማርያም አለቻቸው። አየር ጤና እያለ የሚጣራው ረዳት ጥሪውን ትቶ ያያቸው ጀመር። ከኪዮስኩ አንዲት ሴት ይቀበሏት እንጂ ልጅቷ ደከማት አለች። ፊታቸው ቀልቶ፣ ኮሌታቸው ተጣሞ፣ ዓይናቸው እንባ አቅርሮ ይታገላሉ። በመጨረሻ ልጅቷ ብሩን የደረት ኪሳቸው ውስጥ ወትፋ ሽርጧን ሰብስባ ሮጠች። ታክሲው ሞልቶ ሲሄድ ጋሽ መሸሻ እጃቸውን ኪሳቸው ላይ አድርገው እዚያው ቆመው ነበር።

በማግስቱ ተመልሰው በሩ አጠገብ ተቀመጡ። ግሩም የትናንቱን ሰምቶ ኖሮ ወደ ጠረጴዛቸው መጣ፤ ይቅርታ፣ ልጅቷ አዲስ ስለሆነች ነው፣ የእርስዎን ልማድ አሁኑኑ እነግራታለሁ አላቸው። ጋሽ መሸሻ ክንዱን ያዙት።

«ነገ ትነግራታለህ» አሉት። «ዛሬን ብቻ ተዋት።»

በልተው፣ ሻያቸውን ከጠጡ በኋላ የትናንቱን ብር ከዛሬው ጋር አጣጥፈው ከሻይ ሳህኑ ሥር ሸጎጡና ወጡ። ወደ ታክሲ ተራው የሄዱት ግን ቀስ ብለው ነው።