ላስቲኩ ያልተፈታ ቦርሳ

ፊደል የቆጠርኩት ልጆቼን ትምህርት ቤት ካስገባሁ በኋላ ነው። ስለዚህ ልብ ወለድ እጽፋለሁ ስል ከሚሴ ላይ የሳቀብኝ ብዙ ነው። ያልሳቁብኝ ሁለት ጓደኞቼ ናቸው፤ አንዷ ልብስ ሰፊ፣ ሌላዋ ልብስና ቦርሳ የምትሸጥ ነጋዴ። ከጁምዓ በኋላ፣ ሙቀቱ ሰውን ከገበያ ሲያባርር፣ ነጋዴዋ ሱቅ ጓዳ ተቀምጠን የጻፍኩትን አነብላቸዋለሁ።

ታሪኩ የሦስት አጭበርባሪ ጓደኛሞች ነው። ባቲ ገበያ ወርደው ተራ ቦርሳ ይገዛሉ፣ ወርቃማ ምልክት ይለጥፉበታል፣ ከዚያ «በሰው እጅ ከዱባይ የመጣ፣ የፓሪስ ሥራ» እያሉ ለጥሎሽ ለሚገዛው ለሙሽራው ወገን ይሸጣሉ።

ልብስ ሰፊዋ መርፌ በከንፈሯ ስለምትይዝ ሳቋ በአፍንጫዋ ነው የሚወጣው። ነጋዴዋም ትስቅ ነበር፤ አምስተኛው ምዕራፍ ላይ ግን እጇን አነሳች።

«ቆይ እስቲ። እነዚህ ልጆች እዚሁ ከተማ ዓመት ሙሉ ይሸጣሉ?»

«አዎ።»

«በእኛ ሙቀት ያ ምልክት ሳምንት አይቆይም። ማንገቻው ይላጣል። የሙሽሪት እናት ቦርሳውን አንጠልጥላ ትመጣባቸዋለች። ወላሂ፣ ወር ሳይሞላ እስር ቤት ናቸው።»

«ልብ ወለድ እኮ ነው» አለች ልብስ ሰፊዋ።

«ልብ ወለድ ቢሆንስ? እኛ ቂል ነን?»

ልክ ነበረች። መጽሐፉ በሙሉ የቆመው ልጆቹ ባለመያዛቸው ላይ ነው። መልስ ካላገኘሁ የዓመታት ሥራዬን መጣሌ ነበር፤ እሷ ያላመነችውን ለማንም አላሳይም ብዬ ቆርጫለሁና። ፖሊሱን ሰነፍ አድርጌ ሞከርኩ፤ ውሸት ሆነ። ልጆቹን ከሰንበቴ ገበያ ጨፋ ሮቢት ገበያ አንከራተትኳቸው፤ ሲሸሹ ቀልዱ ጠፋ። ሁለቱንም ቀደድኩ።

እንዲህ ተቸግሬ ሳለሁ አንዲት ጎረቤቴ ወለደችና ልጠይቃት ሄድኩ። ካገባች ቆይታለች፤ ይህ ሁለተኛ ልጇ ነው። ቡፌው መስታወት ውስጥ፣ በስኒዎቹ መሀል፣ ቀይ ቦርሳ ላስቲኩ ሳይፈታ ቁጭ ብሏል።

«አትይዥውም እንዴ?» አልኳት።

«ይህን? የጥሎሼ ነው እኮ። ይቆሽሽ ብዬ?»

«ከፍተሽው አታውቂም?»

«ላስቲኩ ይቀደዳላ፣ እቴ።»

የልጁን የክትባት ካርድ በፌስታል ቋጥራ ራስጌዋ አስቀምጣለች። ሕፃኑን መርቄ ወጣሁ፤ ቤቴ እስክደርስ ቸኮልኩ።

በሚቀጥለው ጁምዓ አዲሱን አምስተኛ ምዕራፍ አነበብኩ። አጭበርባሪዎቹ ቦርሳውን በሦስት ድርብ ላስቲክ ይጠቀልሉታል። «አደራ፣ እንዳይፈታ፤ ከተፈታ ክብሩ ይወርዳል» ብለው ይሰጣሉ። ከተማው በሙሉ የፓሪስ ቦርሳ በመስታወት ውስጥ ያስቀምጣል፤ ምልክቱ ይላጥ አይላጥ የሚያይ ሰው የለም። ሙሽሮቹም ለእንግዳ በጣታቸው እያሳዩ ይኮራሉ።

«ዱጉማ፣ እውነት ነው» አለች ልብስ ሰፊዋ መርፌዋን ከአፏ አውጥታ። «የእህቴም እንደተጠቀለለ አለ።»

ነጋዴዋ አልሳቀችም። ዞራ የተሰቀሉትን ቦርሳዎቿን ቆይታ አየች። ወረቀቱን በእጄ እንደያዝኩ ጠበቅኳት።

«ከእኔ የተገዛ ጫማ ይመለሳል» አለች በመጨረሻ፣ ቀስ ብላ። «ቀሚስም ይመለሳል። ቦርሳ ግን አንድም ቀን ተመልሶ አያውቅም። እኔ በጥራቱ መስሎኝ።»

ልብስ ሰፊዋ በሳቅ መሬት ላይ ተቀመጠች።

«ታዲያ ይታመናል?» አልኳት ነጋዴዋን።

«ምን ትጠይቂኛለሽ? ስድስተኛውን አንብቢ።»

ስድስተኛውን አነበብኩ። ድምፄ ከወትሮው ከፍ ብሎ ኖሮ፣ ሁለት ገዢዎች ዋጋ መጠየቃቸውን ትተው ከጓዳው መጋረጃ ወዲያ ቆመው ያዳምጡ ነበር። ነጋዴዋም ልትሸጥላቸው አልተነሳችም።